መኪናዋ የት ትሄዳለች?

በማኅበራችን የተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በመጠኑ ተስተካክሎ የተዘጋጀ



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ስለ ውኃ ፓምፕ ልናገር አስቤ ነበር። እንጀራዬን የበላሁት በፓምፕ ነውና። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ምሳ ከተበላ በኋላ ስለ ፓምፕ ስታወራ ማን ነቅቶ ይሰማሃል? ስለ ቮልሷ ተናገር» አለችኝ። እሷን አምኜ ነው የመጣሁት። ከተኛችሁ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ነገሩ የአንዲት አሮጌ መኪና ሞተርና ካምቢዮ ነው። ሞተሩ ይታደስ፣ ይቀየር፣ ወይስ በኤሌክትሪክ ይተካ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በአምስት ኪሎ የተማርኩትን ግማሹን የተረዳሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ቮልስዋገን 1300፣ በፈረንጅ የ1967 ሞዴል፤ አባቴ በ1960 ዓ.ም. ካዛንቺስ አመጣት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጣሊያን ሲወጣ ሁለት ነገር ትቶልን ሄዷል እላለሁ፤ የሰፈር ስምና የጋራዥ ቋንቋ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞቶሪኖ። የጀርመኗን ቮልስ ለስልሳ ዓመት ገደማ በጣሊያንኛ ቃል ስንጠግን የኖርን ሰዎች ነን።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቮልሷ ግቢ ውስጥ 11 ዓመት ቆመች። ጎማዋ ተነፈሰ፣ ዶሮ ተኛባት፣ ልጆች ተጫወቱባት። ማናችንም «እንሽጣት» አላልንም፤ ማናችንም «እናስነሳት» አላልንም። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስና ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምር ግን ዝም ማለት አልተቻለም። የቤቱ ዕቃ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ቮልሷ ብቻ ቀረች። ቁራሌው መጥቶ በኪሎ ዋጋ ጠራልን። እናቴ ምንም አልመለሰችለትም፤ ገብታ በሩን ዘጋች።

ያን ቀን ማታ የሰፈሩ ልጆች ገፍተው እስከ አስፋልቱ አወጡልኝ። ከዚያ በጎታች ወደ እኔ ግቢ ሄደች። እንግዲህ የእኔ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል።

መሐንዲስ እንደመሆኔ ወረቀት አወጣሁ። የቮልስ 1300 ሞተር 1,285 ሲሲ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 40 ፈረስ ነው። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ የአባቴ 40 ፈረስ እዚህ 31 ገደማ ነበር። ከፍልውሃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሽቅብ ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስት የነበረው ለዚህ ነው። አባቴ «ሰው በዛባት» ይለን ነበር። አየር አንሷት ነው እንጂ እኛስ ቀጫጭን ነበርን።

ታዲያ አማራጮቼን ደረደርኩ። አንደኛ፣ ያንኑ 1300 እንደነበረ ማደስ። ሁለተኛ፣ ከዚያው ከቮልስ ቤተሰብ የሆነውን 1600 መግጠም፤ 1,584 ሲሲ፣ 50 ፈረስ። ሦስተኛ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ የጃፓን ሞተር በማያያዣ ማሰር። አራተኛ፣ ኤሌክትሪክ።

ይህን ዓይነት ምርጫ የምናደርገው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ የሚኖር የክፍል ጓደኛዬ አንዲት የ1969 ፎርድ ማስታንግ አለችው። ለሁለት ዓመት በቴሌግራም የሚልክልኝ ነገር ቢኖር «የድሮውን 302 ቪ-8 ላድስ ወይስ አዲሱን ባለ 5 ሊትር ኮዮት ልግጠም?» የሚል ነው። ኮዮቱ ኃይለኛ ነው፤ ግን ቴስታታው ሰፊ ስለሆነ በድሮዋ ማስታንግ ውስጥ ለመግባት የፊት ሞላ የሚቀመጥበትን ግድግዳ መቁረጥ ይጠይቃል። ያን ከቆረጥክ የፊት እግሯን በሙሉ ትለውጣለህ። ከዚያ ካምቢዮው፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፑ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። የእሱ መኪና የእኔን አሥር እጥፍ ጉልበት አላት፤ ችግራችን ግን አንድ ነው።

እኔ ችግሩን በወረቀት ፈታሁት ብዬ አመንኩ። 1600ን መረጥኩ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ 1600 ሞተር ከነካርቡራተሩ ገዛሁ፣ ደረሰኜን ተቀበልኩ፣ ታክሲ ላይ ጭኜ መጣሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ዲግሪ አለኝ አይደል?

ከዚያ የአባቴን መካኒክ ጠራሁ። ካዛንቺስ በሙሉ «ጋሼ» የሚለው ሰው ነው። ጋራዡ ከሰፈሩ ጋር ተነሥቷል፤ ሌላ ቦታ አልከፈተም። ሽማግሌ ሆኗል፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን አልደከመም። መጣና የገዛሁትን ሞተር በእጁ ዳሰሰው። ከኋላው ያለውን ከባድ የብረት ሳህን፣ ቮላኖውን፣ በጣቱ ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ሳቀ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው ጋሼ፤ ለቮልሷ ነው።»

«ለቮልሷስ አይደለም። ለታናሽ እህቷ ነው።»

ነገሩ ይህ ነው። የእኛዋ ባለ 6 ቮልት ናት። በ6 ቮልቶቹ ላይ ቮላኖው ትንሽ ነው፤ ጥርሱ 109፣ ፍሪሲዮኑ 180 ሚሊ ሜትር። የገዛሁት ሞተር የ12 ቮልት ዘመን ነው፤ ቮላኖው ትልቅ፣ ጥርሱ 130፣ ፍሪሲዮኑ 200 ሚሊ ሜትር። ትልቁ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ አይሽከረከርም፤ ከብረቱ ጋር ይፋጫል። እንዲገባ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ መሞረድ አለ። ከሞረድክ በኋላ ሞቶሪኖው ከጥርሱ ጋር አይገናኝም፤ እሱም ይቀየራል። ሞቶሪኖው 12 ቮልት ከሆነ ባትሪው፣ ዲናሞው፣ አምፖሉ ሁሉ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሳይቀር ይቀየራል።

ጋሼ በዝግታ ዘረዘረልኝና «ሞተር ጋብቻ ነው፤ ከነዘመዱ ነው የሚመጣ» አለ። ጓደኛዬ ሁለት ዓመት በቴሌግራም የጻፈልኝን ጋሼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «መኪናዋ የት ትሄዳለች?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጥያቄ በወረቀቴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ስንት ፈረስ፣ ስንት ሲሲ፣ ስንት ብር ብዬ ጽፌያለሁ። የት ትሄዳለች ግን አላልኩም። ትንሽ አሰብኩና «እናቴ ቤት። እሑድ እሑድ። ለገና ቢሾፍቱ ምናልባት» አልኩት።

«አባይ በረሃ አትወርድም?»

«አትወርድም።»

«እንግዲያስ ካምቢዮዋን አትንካ።»

ምክንያቱን ላብራራ፤ መምህሮቻችን ስላላችሁ በተለይ። ቮልስ ላይ ሞተር ያሳደገ ሰው ብዙ ጊዜ ካምቢዮውንም ይለውጣል። የ1300 የመጨረሻ ማርሽ ንጽጽር 4.375 ነው። ለረጅም ሜዳ መንገድ 4.125 ወይም 3.875 ይሻላል፤ ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ዳገት ግን 4.375ቱ ነው ነፍሷን የሚያወጣላት። ስለዚህ ጥሩ ካምቢዮ ወይም መጥፎ ካምቢዮ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ ነው የሚወስነው።

ከዚያ ጋሼ እኔ ያላየሁትን አምስተኛ መንገድ አሳየኝ። የ1300ና የ1600 ሞተር ክራንክሻፍት ምቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም 69 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ 1300 ላይ 77፣ 1600 ላይ 85.5 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የአባቴን የሞተር አካል ይዞ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በቶርኖ አስፍቶ፣ ከገዛሁት ሞተር ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑን፣ ቴስታታውንና ካርቡራተሩን ማሻገር ይቻላል። ክራንክሻፍቱ፣ ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሞቶሪኖው፣ ካምቢዮው የነበረው ይቆያል። የተቀረጸው የሞተር ቁጥርም አይለወጥም።

መጀመሪያ ተጠራጠርኩ። «ጋሼ፣ 180ው ፍሪሲዮን የ1600ን ጉልበት ይችለዋል?» አልኩት። እሱ «ሞክረነዋል፤ ይችላል» አለ። ለምን እንደሚችል ግን አልነገረኝም። ያን ማታ ወረቀቴን መልሼ አወጣሁ።

የ1600 ሞተር ባሕር ጠለል ላይ የመጠምዘዝ ኃይሉ 106 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የ1300 ደግሞ 87 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ ከ1600 ሩቡ ያህል ሲቀነስ 81 ገደማ ይቀራል። ፈረሱም እንደዚያው፤ 50ው 38 ይሆናል። ተመልከቱ እንግዲህ። 1600 በአዲስ አበባ የሚሰጠው፣ ጀርመኖቹ 1300ን ሲሠሩ ለባሕር ጠለል ካሰቡት አይበልጥም። ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ለዚያ ተሠርተዋል። እኛ ሞተር እያሳደግን አይደለም፤ ከፍታው የወሰደባትን እየመለስንላት ነው። ጋሼ በልምድ ያወቀውን እኔ በቁጥር ደረስኩበት፤ እሱ ግን አርባ ዓመት ቀድሞኛል።

ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ከፍታ ላይ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ያቺ መኪና ቆላ ብትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። «አባይ በረሃ አትወርድም?» ያለኝ ለካ ለዚህ ነበር።

ሥራውን ጀመርን። ቂርቆስ አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት የሞተሩን አካል ለካልን፤ ብሮንዚኑ የሚቀመጥበት ተበልቶ ስለነበር እሱንም አስተካክሎ ከፍ ባለ ልክ ገጠመልን። በድሮው 1300 ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርዳል፤ በሙቀት ቀድሞ የሚጎዳውም እሱ ነው። በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ የራሱን የአየር መውጫ ሰጥቶታል። እኛም ያንን ገጠምን። የካርቡራተሩን ዋና ጂግለር በአነስተኛ ቀየርን፤ አየር ባነሰበት ቦታ ነዳጅም ማነስ አለበት፣ አለዚያ ካንዴላው ይጠቁራል።

ፍሬኑን ደግሞ ከሞተሩ በፊት ነው የሠራነው። የድሮው ፍሬን አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ይለቃል። ባለ ሁለት መስመር አስገባን። ጋሼ «መሄድ የማትችል መኪና ግቢ ትቆማለች፤ መቆም የማትችል ግን የትም አትቆምም» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎች ደብተር ላይ ብታጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የሞተር ቁጥሩ ባይለወጥም ሲሲው ተለውጧልና ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቀን፣ አስመርምረን፣ ሊብሬው ላይ እንዲስተካከል አደረግን። «ቁጥሩ ያው ነው፤ ማን ያውቅብሃል?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ አውቃለሁ። በአባቴ ሊብሬ ላይ ውሸት እንዲኖር አልፈለግኩም።

አሁን «ኤሌክትሪኩስ?» የምትሉኝ ወጣቶች አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ልክ ናችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሕዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። እንጦጦ ጫፍም ላይ ጉልበቱ ያው ነው። እኔ የዛሬ ንግግሬን ሙሉ ያለቀስኩበት ከፍታ ለእሱ ምንም አይደለም።

ቮልስዋገን ራሱ በፈረንጅ በ2019 አንዲት አሮጌ ቮልስ በኤሌክትሪክ ለውጦ አሳይቷል። 60 ኪሎ ዋት ሞተር፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ክብደቷ ግን 1,280 ኪሎ ሆነ፤ የእኔዋ 800 ኪሎ ገደማ ናት። ያን ክብደት ለመሸከም ሞላውም ፍሬኑም ተለውጧል። ዞሮ ዞሮ ከነዘመዱ ነው።

እኔ ኤሌክትሪክን የተውኩት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በወር አራት ቀን ለምትነዳ መኪና የባትሪውን ዋጋ ማውጣት አልቻልኩም፤ ከተበላሸም ነገ የሚጠግንልኝን ሰው አላውቅም። በየቀኑ ሥራ የምትሄድ መኪና ብትሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ይህን አንድ የተማሪ ቡድን እንደ መመረቂያ ሥራ ቢይዘው፣ አሮጌ ቮልስ ፈልጎ ለማምጣት እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

መምህሮቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ በፈረንጅ ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች፤ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። እዚህ ከተማ እስከ ዛሬ የሚሄዱት ግን በፋብሪካው አይደለም የሚሄዱት፤ እንደ ጋሼ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች በየሰፈሩ ጋራዥ ነበሩ። ሰፈሮቹ ሲቀየሩ ተበተኑ። ከተማ መታደሱን አልጠላም፤ እኔም ሰፊ መንገድ ላይ መንዳት እወዳለሁ። ግን ጋሼ በካዛንቺስ የሠራው አርባ ዓመት የትም አልተጻፈም። የትኛው ቮላኖ ከየትኛው ካምቢዮ ጋር እንደሚሄድ፣ በዚህ ከፍታ የትኛው ጂግለር እንደሚስማማ፣ የትኛው ብልት ለምን ቀድሞ እንደሚሰበር፤ ሁሉም በእሱ ራስ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ስሌቱ አለን፤ እሱ መልሱ አለው። ተማሪዎችን ለአንድ ወር ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን ብናስቀምጥ፣ ደብተር ይዘው ቢጽፉ፣ ምን እናጣለን? ማኅበራችን ይህን ቢያስተባብር የመጀመሪያው መዋጮ ከእኔ ነው። ለንግግር ያህል አይደለም፤ ገንዘብ ያዣችን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ይመዝግቡኝ።

እኔም ይህን ሥራ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴ «ይሄን እንኳ አታውቅም? ምንድን ነው የተማርከው?» ይለኛል። ለጊዜው መልስ የለኝም።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ጋሼ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ደግፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንዱን ቫልቭ በካቻቪቴ ነካ አድርጎ ትንሽ አጠበቀና «ሂድ» አለኝ።

እናቴ አሁን የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናዋ መሠራቷን አልነገርኳትም ነበር። እሑድ ዕለት በፍልውሃ በኩል ዞሬ ሽቅብ ሞከርኳት፤ በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። በአሮጌው ሰፈራችንም አለፍኩ። ቤታችን የትኛው ላይ እንደነበር ለመለየት ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ አላገኘሁትም። ከዚያ ወደ እናቴ ሄድኩ።

መኪናዋን አቁሜ ደረጃውን ስወጣ በሩ ተከፍቷል። ከሰሉ ተያይዟል፤ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ኮሪደሩን ሞልቶታል። «እማዬ፣ እንደምመጣ ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም አልነገረኝም። ሰማኋት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «ድምጿ ግን ወፈር ብሏል» አለች።

እናቴ ስለ ሲሲ ምንም አታውቅም። የተጨመረውን 299 ሲሲ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ሰማችው።